«ቅዳሜ እንመጣለን»፦ ወላጆች ከክፍለ ሀገር አዲስ አበባ ልጃቸው ቤት ሲመጡ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ አበባ መኖር ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት አለፈኝ። ወላጆቼ ደብረ ብርሃን ናቸው። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሩቅ የሚባል አይደለም። እነሱ ግን ቤቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት በአራተኛው ዓመት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነበር። «ቤት ልቀይር ነው፣ ትንሽ ቆዩ» እያልኩ አራት ዓመት ጎተትኩት። አሁን በዓመት ሁለት ሦስቴ ይመጣሉ። ዓርብ ማታ ይገባሉ፣ እሁድ ከሰዓት ይመለሳሉ። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼና የግቢያችን ልጆች «እንዴት አድርገህ ነው የምትችለው?» እያሉ የጠየቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ሁለቱ ጥያቄ ደግሞ ከወላጆች በኩል የመጣ ነው።

ተደውሎ «ቅዳሜ እንመጣለን» ተባልኩ። ቤቴ ግን አይመችም። ላስቀራቸው?

አታስቀሯቸው። እናንተ «ቤቱ አይመችም» ስትሉ እነሱ የሚሰሙት ሌላ ነው። እናት «ልጄን አሞታል፣ ደብቆኝ ነው» ትላለች። አባት «ከሥራ ተባሯል» ይላል። እኔ አራት ዓመት ሙሉ ሰበብ ስደረድር እናቴ «ታስሮ ይሆናል» ብላ ለታቦት ስትሳል ከርማለች። ይህንን የነገረችኝ ቤቴ መጥታ ሻይ እየጠጣች ነው። ስለቱንም አስገብታ ነበር።

ማስቀረት ሳይሆን ቀኑን አብሮ መምረጥ ይቻላል። ደሞዝ ከወጣ በኋላ ያለው ቅዳሜና እሁድ ይሻላል። ይህን ምክንያት ለእነሱ መንገር አያስፈልግም፤ «በዚያኛው ሳምንት ሥራ አይበዛብኝም» ማለት በቂ ነው።

ስልኩን ከመዝጋታችሁ በፊት ግን ሦስት ነገር ጠይቁ። ስንት ሆናችሁ ነው የምትመጡት? (እናትና አባት ተብሎ አክስት የምትጨመርበት ጊዜ አለ።) ጾም ናችሁ? ደረጃ መውጣት ትችላላችሁ? የመጨረሻው ቀላል እንዳይመስላችሁ። አብዛኛው የቆየ ኮንዶሚኒየም ባለ አራት ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። ጉልበቱን የሚያመው አባት አራተኛ ፎቅ አንዴ ከወጣ በኋላ እሁድ እስኪሄድ ድረስ አይወርድም።

የምኖረው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። የት ላስተኛቸው?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይሄ ነው።

አልጋው የእነሱ ነው። ይህ ክርክር የለውም፣ ግን ክርክር ይኖራል። አባት «እኔ መሬት ለምጃለሁ» ይላሉ። እናት «አንተ ሠራተኛ ነህ፣ ወገብህ እንዳይያዝ» ትላለች። ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ዘዴው ከመምጣታቸው በፊት የእናንተን ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፎ፣ ትራስና ብርድ ልብስ አስቀምጦ መጠበቅ ነው። የተነጠፈ ነገር ሲያዩ ክርክሩ ያጥራል።

ትርፍ ፍራሽ ከሌላችሁ ከጎረቤት ተዋሱ። መዋስ የሚያሳፍር ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። እኛ ግቢ ውስጥ አንዲት የስፖንጅ ፍራሽ አለች፤ የማን እንደሆነች በትክክል የሚያውቅ የለም። ወላጅ በመጣበት ቤት ሁሉ ስትዞር ትኖራለች።

ብርድ ልብስ አታስቡ። ወላጆቻችሁ ከደብረ ብርሃን ከሆኑ ይዘው ይመጣሉ። ብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ነው፤ ደግሞም ከአዲስ አበባ ይበርዳል። እኔ አሁን አምስት አለኝ።

የሚረሳው የሌሊቱ ነገር ነው። ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ ከሆነ መንገዱን በቀን አሳዩአቸው። መብራት የት ጋ እንደሚበራ፣ ውሻው የት እንደሚታሰር፣ የቱ በር የእኛ እንደሆነ። አባቴ የመጀመሪያ ሌሊት ተነስቶ ሲመለስ የጎረቤት በር አንኳኩቷል። የቤቱ ባለቤት «ማነው?» ስትል «እኔ ነኝ፣ ክፈት» ብሏታል። ትንሽ የእጅ ባትሪ ትራስ አጠገብ ማስቀመጥ የሚቀድመው የለም። ዕድሜያቸው ከገፋ ደግሞ ፖፖ ግዙ፤ አልጋ ሥር አስቀምጡት፣ ስለሱም ምንም አታውሩ። ቢፈልጉ ይጠቀሙበታል።

ሦስታችሁም አንድ ክፍል ስትተኙ የሚሆን ሌላ ነገር አለ። መብራት ከጠፋ በኋላ ወሬ ይጀመራል። ቀን ፊት ለፊት ያልተባለው ሁሉ በጨለማ ይወራል፤ ማን እንደሞተ፣ የማን መሬት እንደተሸጠ፣ አባትህ ሳይነግሩህ ሆስፒታል ገብተው እንደነበር። ለወላጆቹ ሆቴል አልጋ የያዘ ጓደኛዬ ይህን አላገኘም። አልጋው ንጹሕ ነበር፣ ቁርስም ነበረው። እነሱ ግን ቅዳሜ ማታ አኩርፈው ነው የገቡት።

ለአከራይ መንገር አለብኝ?

አዎ፣ ቀድማችሁ ንገሩ። አከራዮች የሚያሳስባቸው ውኃና መብራት ነው፣ ሌላው የግቢ በር መዘጊያ ሰዓት ነው። «ወላጆቼ ለሁለት ሌሊት ይመጣሉ፣ ውኃ እኔ እቀዳለሁ» ካላችሁ ብዙዎቹ ይለሰልሳሉ። የኔ አከራይ በኪራይ ጉዳይ ምሕረት የማያውቁ ሴት ናቸው። እናቴ አንድ ኩባያ ቅቤ ይዛላቸው ከገባች በኋላ ግን ሁለቱ እስከ ምሳ አልተለያዩም። በዚያ ዓመት ኪራይ አልጨመሩብኝም። በቅቤው ይሁን በሌላ አልጠየቅኳቸውም።

ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ ሐሙስ ማታ ጀሪካኑን ሁሉ ሙሉ። ሮቶ ያለው ግቢ ውስጥ ብትሆኑም ሙሉ። ካርድ የሚሞላ የመብራት ቆጣሪ ካላችሁም ቀድማችሁ ሙሉት። እናት ምጣድ ላይ ቆማ መብራት ሲጠፋ «ካርድ አልቆ ነው» ከማለት የከፋ ነገር አላውቅም።

የት ልቀበላቸው?

በሚመጡበት አቅጣጫ ይወሰናል። ከደብረ ብርሃን መስመር የሚመጣ መኪና ብዙውን ጊዜ ላምበረት መናኸሪያ ያወርዳል። ከደቡብና ከናዝሬት በኩል ለሚመጡ ቃሊቲ አለ። ሁልጊዜ ግን ከመነሳታቸው በፊት የት እንደሚያወርድ ረዳቱን እንዲጠይቁት አድርጉ፣ የመንገዱንም ሁኔታ ከሰው አጣሩ። በጠዋት ተነስቶ በቀን መግባት ይሻላል። አባቶች «ማታ እንገባለን፣ ምን አለበት» ይላሉ፤ አትስሟቸው።

መናኸሪያው ውስጥ ግቡ። «ውጭ ቆሜያለሁ፣ ውጡ» አይሠራም። እነሱ ዕቃ ይዘዋል፣ ዓይናቸው ዕቃው ላይ ነው፣ አምስት ተሸካሚ ከቧቸዋል፣ ስልኩም ቦርሳ ሥር ይጮኻል። የተሸካሚ ዋጋ ዕቃው ከመነሳቱ በፊት ይነገር። ራይድ ከጠራችሁ የመኪናውን ታርጋና ቀለም እናንተ ያዙ እንጂ ለእነሱ በስልክ አትግለጹ። እናቴ አንድ ጊዜ «ነጭ መኪና» ስላልኳት የሌላ ሰው መኪና ውስጥ ገብታ ተቀምጣ አግኝቻታለሁ። ሹፌሩ ምንም አላለም። ስለ ልጇ እየነገረችው ነበር።

ይዘው የሚመጡትን ሁሉ የት ላስቀምጠው?

«ምንም እንዳትይዙ» ማለት ዋጋ የለውም። ሽሮ ይመጣል። በርበሬ ይመጣል። በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቅቤ በፕላስቲክ ዕቃ፣ ድፎ ዳቦ በነጠላ ተጠቅልሎ። አንዳንዴ አረቄ በሃይላንድ ጠርሙስ፤ «ውኃ እንዳይመስልህ» ተብሎ ሦስቴ ይነገራል። አንዴ ከጎረቤት የተላከ ገብስ ሃያ ኪሎ መጥቶልኛል። እስካሁን ምን እንደማደርገው አላወቅሁም።

አንድ መደርደሪያ ባዶ አድርጉና ጠብቁ። በርበሬውን ወዲያው ደረቅ ዕቃ ውስጥ ገልብጡት። ቅቤው ያልተነጠረ ከሆነ እናት እዚያው እንድታነጥረው ተዉአት፤ ደስ ይላታል፣ ቤቱም እስከ ሰኞ ያውዳል።

ችግሩ ዶሮ በሕይወት ሲመጣ ነው። ይመጣል። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ከሆነ ብዙ ሳይቶች ላይ ለእርድና ለእንጀራ መጋገሪያ ተብሎ የተሠራ የጋራ ቤት አለ፤ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ቀድማችሁ አጣሩ። ረዳት ወይም ዘበኛ ይኖራል። በረንዳ ላይ ማረድ ግን ከታች ካለው ጎረቤት ጋር ዓመት የሚቆይ ጠብ ነው። ልብስ አስጥቶ ከሆነ ደግሞ ሁለት ዓመት።

ምን ልመግባቸው?

ዓርብ ማታ ከሆነ የሚገቡት ቀላል ነው፤ ለጾመኛ የጾም ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን። መንገድ ስለደከማቸው ብዙ አይበሉም። ቅዳሜ ጠዋት ግን ከመንቃታችሁ በፊት እናት ወጥ ቤት ገብታለች። ከዚያ በኋላ የምትመግቡት እናንተ አይደላችሁም።

አንዳንድ ሰው በዚህ ይናደዳል። «እንዲያርፉ ነው የጠራኋቸው» ይላል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ፤ ማንኪያውን ከእጇ እስከመቀማት ደርሻለሁ። ተዉአት። ሽንኩርት ግዙ፣ ዘይት ግዙ፣ ሲሊንደሩ ጋዝ እንዳለው አረጋግጡ፤ ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ሽንኩርት ላጡ። ወሬ የሚወጣው እዚያ ነው።

የሱቅ እንጀራ ካቀረባችሁ አስተያየት ይኖራል። ጀሶ ይቀላቀልበታል የሚለውን ወሬ እናቶች ሁሉ ሰምተዋል። እናቴ ከመብላቷ በፊት ዘርግታ ወደ መስኮቱ ታነሳዋለች፣ ዓይኑን ትቆጥራለች፣ ከዚያ «ደህና ነው» ትላለች፣ ከዚያ ትንሽ ትበላለች። አሁን ይዛ መምጣት ጀምራለች። እኔም መከራከር አቁሜያለሁ።

ውጭ መብላት ከፈለጋችሁ አንድ ጊዜ ይበቃል። ቅዳሜ ምሳ ጥሩ ነው። ሥጋ ቤት ከቡና ቤት የተያያዘበት፣ አባት ሥጋውን ተሰቅሎ አይተው «ከዚህ ቁረጥልኝ» የሚሉበት ቦታ ከሆነ ይደሰታሉ። ጨርቅ ናፕኪን ያለበት ምግብ ቤት ከወሰዳችኋቸው ዋጋ ዝርዝሩን ያነባሉ። አባቴ አንዴ አንብቦ «እኔ አልራበኝም» ብሏል። ጠዋት ምንም አልቀመሰም ነበር። አስቀድማችሁ በቴሌብር ክፈሉ፤ ብር ሲቆጠር አይዩ። ቤተሰባችሁ ሙስሊም ከሆነ ደግሞ የሥጋ ቤቱን ነገር በደንብ አጣሩ፣ «ይመስለኛል» አይሠራም።

ቡና አትርሱ። ጀበናና ስኒ ከሌላችሁ ከጎረቤት ተዋሱ፤ ጎረቤቷንም ጥሩ። የሁለት ቀን ጉብኝት ውስጥ ከሁሉም ይልቅ ለእናቴ የሚያረጋጋት የጎረቤቶቼን ፊት ማየት ነው። ማን አጠገቤ እንዳለ፣ ብታመም ማን ውኃ እንደሚያቀብለኝ ትመዝናለች። አንዷን «ይቺ ደግ ናት» ብላ ስልክ ቁጥሯን ወስዳለች። አሁን ስልኬ ካልሠራ የምትደውለው ለእሷ ነው።

የት ላዙራቸው?

ብዙ አታዙሯቸው። በአንድ ቀን አንድ ቦታ፣ ቢበዛ ሁለት።

እናት በጣም የምትፈልገው ቦታ ሁለት ነው፤ ቤተ ክርስቲያንና ገበያ። የእናቴ ታቦት ሥላሴ ስለሆነ እሁድ ቅዳሴ አራት ኪሎ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል እንሄዳለን። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን መቃብር እዚያ ነው፤ አባቴ ለዚያ ሲል ሳይቀሰቀስ ይነሳል። ቀኑ ብራ ከሆነና ጉልበት ካለ እንጦጦ ማርያም አለች። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡባት ናት። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ደጋ ለለመደ ሰው ምንም አይደለም፣ ለእኛ ለከተሜዎቹ ግን ትንፋሽ ያሳጥራል። ሙስሊም ቤተሰብ ዓርብ በጠዋት ከደረሰ ጁምዓን መርካቶ አንዋር መስጊድ መስገድ ይፈልጋል፤ ሕዝቡ ብዙ ስለሆነ ቀድሞ መድረስ ነው።

ገበያ ከተባለ መርካቶ ይባላል። እኔ ግን ከተቻለ ሾላን እመርጣለሁ። መርካቶ ሦስት ሰዓት ቆማችሁ እናት የምትገዛው አንድ ማጥለያ ነው፤ እናንተ ግን ኪሳችሁን ስትጠብቁ ትደክማላችሁ። የአበሻ ልብስ ለማየት ከሆነ ሽሮ ሜዳ ነው። እዚያ ግን ዋጋ ሲጠየቅ አጠገብ አትቁሙ። እናት ስትከራከር ልጅ አጠገቧ ካለ ሻጩ ዋጋ ይሰቅላል።

አባቶች ትዝታ ይፈልጋሉ። አባቴ በ1970ዎቹ ሁለት ዓመት ለሥልጠና አዲስ አበባ ኖሯል፤ ዶሮ ማነቂያ ነበር የሚከራየው። እየመጣ ሁልጊዜ «ፒያሳ ውሰደኝ» ይላል። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ፈርሶ ነበርና ለመንገር ፈራሁ። ሳልነግረው ወሰድኩት። ከታክሲ ወርዶ ቆመ። ወደ ቀኝ አየ፣ ወደ ግራ አየ። «እዚህ ጋ ደረጃ ነበር» አለ። ቀጥሎ «እዚህ ጋ ሴትየዋ ሻይ ትሸጥ ነበር» አለ። ሌላ አላለም። ከዚያ በዚያው ዓመት የካቲት ላይ የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ገባን፤ ሰፊ ነው፣ ለጦርና ጋሻ ፍቅር ላለው አባት ደግሞ የሚሰለች አይደለም። ሲወጣ ግን ያወራው ስለ ሻይ ሻጯ ነበር። ወላጃችሁ የድሮ አዲስ አበባ ሰው ከሆነ ምን እንደፈረሰ አስቀድማችሁ ንገሩት። እኔ አለመንገሬ ይቆጨኛል።

አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ጥሩ ነው፤ ትንሽ ነው፣ አያደክምም። ድንቅነሽ አለች። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሚሆናት። ለዕይታ የቀረበው ቅጂ ነው፤ እውነተኛው አጥንት በጥንቃቄ ይቀመጣል። ይህን ለእናቴ ብነግራት «ደግ አደረጉ፣ እንዴት የሰው አፅም ይታያል» አለች።

ታክሲ፣ ራይድ ወይስ ባቡር?

ዕቃ ካለ ራይድ። ዕቃ ከሌለና ሰዓቱ ካልተጨናነቀ ሚኒባስ ታክሲ፤ ጋቢና ለአባት። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከአያት በመገናኛ፣ በስታዲየምና በሜክሲኮ አድርጎ ጦር ኃይሎች ይደርሳል። ወላጆች አንድ ጊዜ መሳፈር ይወዳሉ። እሁድ ጠዋት ይሁን፤ በሥራ ሰዓት ግፊያው ሌላ ነው።

ስለ ደሞዜና ስለ ትዳር ከጠየቁኝስ?

ይጠይቃሉ። «ከጠየቁኝ» አይባልም።

የደሞዝ ጥያቄ አባት በቀጥታ አይጠይቁም። «ኪራይ ስንት ነው?» ይላሉ። ትነግሯቸዋላችሁ። ዝም ይላሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ «ታክሲስ በቀን ስንት ይወስዳል?» ይላሉ። ማታ ላይ ሂሳቡን ጨርሰውታል። ስለዚህ መዋሸት ከንቱ ነው። እኔ በመጀመሪያው ጉብኝት ደሞዜን ግማሽ ጨምሬ ተናግሬ ነበር። ከዚያ ወር ጀምሮ የአጎቴ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ በእኔ ላይ ተወሰነ። በሁለተኛው ጉብኝት እውነቱን ተናገርኩ። አባቴ «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» ብሎ ጤፍ መላክ ጀመረ።

ትዳር ላይ የሚሠራ መልስ አላገኘሁም። «በእግዚአብሔር ጊዜ» ከተባለ «እሱማ አለ፣ ከአንተ ነው እንጂ» ይባላል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «እማዬ፣ ሰው ካገኘሽልኝ አምጪ» ብላ ቀልዳ ነበር። እናቷ በሚቀጥለው ወር የሦስት ሰው ፎቶ ይዘው መጡ። አትቀልዱ።

ከፍቅረኛዬ ጋር ነው የምኖረው። ምን ላድርግ?

ሁሉም ቤት አንድ አይደለምና ወላጆቻችሁን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። መደበቅ ግን አይሠራም፣ ይህን እርግጠኛ ሆኜ እናገራለሁ። አንድ ጓደኛዬ የልጅቷን ጫማና ልብስ ሰብስቦ ጎረቤት አስቀመጠ። መስተዋቱ ሥር የፀጉር ቅባት ረሳ። እናቱ አንስታ አየችው፣ አሸተተችው፣ ከዚያ «ልጄ፣ ፀጉርህ እየሳሳ ነው እንዴ?» አለችው። ሌላ ምንም አልጠየቀችም። ሁለት ቀን ሙሉ በዚያ ጥያቄ ሲቀጣ ከረመ።

የሚሻለው ከመምጣታቸው በፊት ለታላቅ እህት ወይም ለአክስት መንገር ነው። ነገሩ በሰው በኩል ሲደርስ ቀን ያገኛል፤ እነሱም ቁጣቸውን እቤታቸው ጨርሰው ይመጣሉ። ሽማግሌ መላክ የታሰበ ከሆነ ደግሞ ያን መናገሪያ ጥሩ ጊዜ ነው።

እግረ መንገዳቸውን ሐኪም ቤት ላሳያቸው?

ብዙዎቹ በሆዳቸው ይህን አስበው ነው የሚመጡት፣ አይናገሩም እንጂ። ዓርብ በጠዋት ቢመጡ ነው የሚሻለው። ቅዳሜ ብዙ ቦታ ግማሽ ቀን ነው። እኔ አባቴን አንድ ክሊኒክ ቅዳሜ ከሰዓት ወስጄ የካርድ ከፍለን፣ ሁለት ሰዓት ጠብቀን፣ በመጨረሻ «ላብራቶሪ ተዘግቷል» ተባልን። አባቴ ምንም ሳይል ወጣ። ገንዘቡ አልተመለሰም።

የቆየ የሐኪም ወረቀት ሁሉ፣ የሚወስዱት መድኃኒት ከነማሸጊያው ይምጣ። «ያቺ ነጯ ክኒን» ለሐኪም አይረዳም። በባዶ ሆድ የሚሰጥ የስኳር ምርመራ ካለ እናት ቁርስ ከማቅረቧ በፊት ተናገሩ። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች «መንገድ ላይ ሽንት ያስቸግረኛል» ብለው የሚዘሉበት ጊዜ አለና ሲደርሱ ጠይቋቸው።

(ከአንዲት እናት) ስንት ቀን ብንቆይ ልጃችንን አናስቸግርም?

እርስዎ ይህን ከጠየቁ አያስቸግሩም። ሁለት ሌሊት ጥሩ ነው። ልጅዎ ሰኞ ሥራ አለው፣ እሁድ ማታ ልብሱን አጥቦ ማሰብ አለበት። አንድ ልመና ብቻ አለኝ። ልጅዎ በሌለበት ቤቱን አያስተካክሉ። የቆሸሸ ከመሰለዎት ይጠርጉ፤ ዕቃ ግን ቦታ አይቀይሩ። ያረጀ የመሰለዎትንም ልብስ ለመወልወያ አይቅደዱ። የእኔ እናት የቀደደቻት ካናቴራ የምወዳት ነበረች።

(ከአንድ አባት) ልጄ ገንዘብ አትስጠኝ ብዬው ይሰጠኛል። ልቀበል?

ይቀበሉት። ልጁ ቤትዎ ሲመጣ እርስዎ ትራንስፖርት ብለው ኪሱ ከተው የለም?

እሁድ ሲሄዱ ምን ልስጣቸው?

ገንዘብ ለአባት በእጅ ከሰጣችሁ ይመልሱታል፣ እናንተ ትገፋላችሁ፣ መናኸሪያ መሃል ግብግብ ይሆናል። ለእናት ቦርሳ ኪስ ውስጥ ክተቱ፤ መኪናው ሲነሳ ደውላችሁ ንገሩ። ቴሌብር ካላቸው ይበልጥ ይቀላል፤ ደብረ ብርሃን ሲደርሱ ላኩላቸው፤ መልሰው መላኩን አያውቁበትም። አባቴ ግን በቅርቡ ተምሯል።

ዕቃ ከሆነ ቡና፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ዘይት። የተፈጨ ቡና ሳይሆን ጥሬ። ለጎረቤት የሚከፋፈል ነገር ይኑርበት፤ ትንሽ ብስኩትና ከረሜላ ሳይቀር። እናት ስትመለስ ሰፈሩ ሊጠይቃት ይመጣልና እጇ ባዶ መሆን የለበትም። ለቤት ለቀሩት፣ በተለይ ላልመጣችው አክስት፣ ለብቻው የታሰረ ነገር ይሁን።

በሰዓት ሽኟቸው። እሁድ ከሰዓት መናኸሪያው ይጨናነቃል፤ ከምሳ በኋላ ቡና እስከ ሦስተኛ ከተጠጣ መሽቷል ማለት ነው። ቡናውን ጠዋት አፍሉ።

ከሄዱ በኋላስ?

መግባታቸውን ደውላችሁ አረጋግጡ። ፍራሹን ለቀጣዩ ጎረቤት ስጡ። ከዚያ ዕቃችሁን መፈለግ ትጀምራላችሁ።

«ዕቃ ቦታ አይቀይሩ» ያልኩት ለሌላ ሰው እናት ነው፤ የእኔዋ አትሰማም። ባለፈው እሁድ ከተሸኙ በኋላ ጨው ጠፋብኝ። መደርደሪያውን ፈተሽኩ፣ አልጋ ሥር ሁሉ አየሁ። ሰኞ ያለ ጨው እንቁላል በላሁ። ማክሰኞ ደወልኩላት።

«ከበርበሬው ጀርባ ነው» አለችኝ። «ድሮም እዚያ ነው መሆን ያለበት።»